የጉበት ትልና የተማረው ወጣት ተግባር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ቃል የተነገረው ለሰው ነው። ሰው ሕመሙን የሚደብቀው አፍሮ ወይም ፈርቶ ነው፤ ከብት ግን የሚደብቀው አንደበት ስለሌለው ነው። በሬው ይከሳል፤ የላሚቱ ወተት ይቀንሳል፤ በጉ ከመንጋው ኋላ እየቀረ ይጎተታል፤ ባለቤቱም «ሣሩ አንሶት ይሆናል» እያለ ራሱን ያጽናናል። እውነቱ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ፣ ከብቱ ታርዶ ሆዱ ሲከፈት ነው። በዚያን ጊዜ የሥጋ መርማሪው ጉበቱን በቢላዋ ሲሰነጥቀው የሐሞቱ ቧንቧ ወፍሮና ደንድኖ፣ ከውስጡም ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ሲወጣ ይታያል። ጉበቱ ይጣላል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንናገር ያሰብነው ስለዚሁ ስለሚጣለው ጉበት ነው። ይህንም ማድረጋችን ነገሩ በዚያው ማለቅ የለበትም ብለን ስለምናምን ነው።

በድሬዳዋ ከተማ፣ በከዚራ ሠፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ማታ ማታ የሚንሸራሸር ሰው ስለ ረግረግና ስለ ትል አያስብም። ከዚራ የባቡር ልጅ ነው። የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ መንገዱ በገመድ ተለክቶ፣ ዛፉ በሰልፍ ተተክሎ የተሠራ ሠፈር ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ በንግዱ ይደምቃል፤ ወዲህ ከዚራ በጥላው ይቀዘቅዛል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ፣ ሙቀት የሚበዛበት፣ ደቻቱም አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚተኛበት ቆላ ነው። እንዲህ ባለ ደረቅ አገር በረግረግ የሚኖር የጉበት ትል ምን ያደርጋል ተብሎ ቢጠየቅ ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሱ ግን በሥጋ ቤቱ መንጠቆ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። በድሬዳዋ የሚታረደው ከብት ሁሉ በድሬዳዋ የበቀለ ሣር የጋጠ አይደለም። ከሐሮማያ፣ ከቀርሳ፣ ከጨለንቆና ከሌላውም የሐረርጌ ደጋ ቁልቁል እየተነዳ ወይም በመኪና ተጭኖ የሚወርድ አለ። ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀው የሐረር ሰንጋ ገበሬው ደጃፍ ታስሮ፣ የማሽላና የበቆሎ አገዳ እየታጨደለት የሚቀለብ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ሰንጋው ለቅልብ ከመታሰሩ በፊት በወይፈንነቱ ዘመን የት ውሎ የት እንደ ጠጣ፣ በየትኛውስ ምንጭና በየትኛው ረግረግ ዳር እንደ ጋጠ የሚናገር ወረቀት የለውም። የሚናገርለት ጉበቱ ብቻ ነው። እንግዲህ የደጋው ረግረግና የቆላው ከተማ በገበያ አማካይነት የተያያዙ ናቸው ማለት ነው።

ትሉ እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ለኋላው ነገራችን መሠረት ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበት። በአገራችን የታወቁት የጉበት ትሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ፋሲዮላ ሄፓቲካ የሚባለው ሲሆን ወደ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ በብዛት የሚገኘውም በደጋው ነው። ሁለተኛው ፋሲዮላ ጂጋንቲካ ከፊተኛው እጅግ የሚረዝም፣ ሰባት ሳንቲ ሜትር ሊደርስ የሚችል፣ ሞቃቱን አገር የሚወድ ነው። በወይና ደጋው ሁለቱም ተደባልቀው ይገኛሉ። ሁለቱም ያለ ቀንድ አውጣ ሊራቡ አይችሉም፤ ለፊተኛው ጋልባ ትሩንካቱላ የምትባለው በረግረግና በጭቃ ዳር የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ፣ ለኋለኛው ደግሞ ራዲክስ ናታሌንሲስ የምትባለው የውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ቤት ይሆኑላቸዋል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት በዚህ ትል ላይ በግልጽ ይታያል። ትሉ በከብቱ ጉበት ውስጥ ሆኖ በቀን በብዙ ሺህ የሚቈጠር እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ በሐሞቱ በኩል ወደ አንጀት ወርዶ ከፋንድያው ጋር ይወጣል። ውሃ ካገኘና ሙቀቱ ከተስማማው በሁለት ሳምንት ገደማ ተፈልፍሎ በዓይን የማይታይ ዋናተኛ ይሆናል። ይህ ዋናተኛ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ከአንድ ቀን በላይ ብዙም አይቈይም፤ ይሞታል። ካገኘ ግን ወደ ሰውነቷ ገብቶ ይራባል፤ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ከአንዱ ዋናተኛ ብዙ መቶ ሌሎች ይወለዳሉ። እነዚህም ወጥተው ከሣር ቅጠል ጋር ተጣብቀው፣ ሽፋን ለብሰው፣ የሚበላቸውን ከብት ይጠብቃሉ። ዝናቡ አብቅቶ ረግረጉ መጉደል ሲጀምር፣ በሌላ ስፍራ ሣር ሲደርቅ በዚያ ግን ለምለሙ ብቅ ሲል፣ ከብቱ ሁሉ ወደዚያው ይሮጣል። ለምለሙን ሲግጥ ጠላቱንም አብሮ ይውጣል።

ከተዋጠ በኋላ ትሉ የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ ይወጣና ወደ ጉበቱ ይሻገራል። ከዚያም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት የጉበቱን ሥጋ እየበላና እየቦረቦረ ይዞራል። ለበግ እጅግ አደገኛው ጊዜ ይህ ነው፤ ብዙ ትል በአንድ ጊዜ ከገባበት ምንም ምልክት ሳያሳይ በድንገት ሊሞት ይችላል። በመጨረሻ ትሉ ወደ ሐሞት ቧንቧ ገብቶ ይረጋጋል፤ ደም መምጠጥና እንቁላል መጣልም ይጀምራል። አንዱ ትል በቀን ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሊትር ደም እንደሚያባክን ተለክቷል። አንባቢ ልብ ይበል፤ መቶ ትል ያለበት በግ በየቀኑ ከ20 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ደም ይፈስሰዋል ማለት ነው። ዓይኑ ይነጣል፤ ከመንጋጋው ሥር ውሃ ቋጥሮ ያብጣል፤ ጠጕሩ ይረግፋል። በሬ የበለጠ ስለሚታገሥ ቶሎ አይሞትም፤ ነገር ግን ለማረስ ጕልበት ያንሰዋል። ከ70 ሚሊዮን ገደማ የሚቈጠር የቀንድ ከብት ባለበት አገር፣ እርሻውም በአብዛኛው በበሬ ጫንቃ ላይ በቆመበት አገር፣ የበሬ ጕልበት ማነስ የአንድ ገበሬ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ሰው ይህን ትል ካወቀው ብዙ ዘመን ነው። ዣን ደ ብሪ የተባለ ፈረንሳዊ የበግ እረኞችን ለማስተማር እ.ኤ.አ. በ1379 ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጉበት ትል ጽፎ ነበር። ይሁን እንጂ ትሉ ከበግ ወደ በግ የሚሻገርበት መንገድ የታወቀው ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1879ና በ1880 በእንግሊዝ አገር ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ በግ ካለቀ በኋላ፣ ቶማስ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊና ሎይካርት የተባለ ጀርመናዊ ምሁር፣ አንዱ ከአንዱ ሳይመካከር፣ ከ1881 እስከ 1883 ባለው ጊዜ ምሥጢሩ በቀንድ አውጣይቱ ውስጥ መሆኑን ገለጡ። ዕውቀት የመጣው በጉ ካለቀ በኋላ ነው። የእኛም ጥያቄ ይህ ነው፤ ለማወቅ የግድ እስኪያልቅ መጠበቅ ያስፈልጋልን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከብቱ ሳይታረድ በሽታው እንዴት ይታወቃል? የቆየው ዘዴ ፋንድያውን በውሃ አጥቦ፣ ዝቃጩን በማይክሮስኮፕ አይቶ እንቁላል መፈለግ ነው። ዘዴው ርካሽ ነው፤ ብዙ ዕቃም አይጠይቅም፤ በየትኛውም ወረዳ ሊሠራ ይችላል። ጕድለቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ትሉ ከተዋጠ እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ሳምንት ድረስ እንቁላል አይጥልም፤ ስለዚህ ጉበቱ በሚቦረቦርበት በዚያ በክፉው ጊዜ መርማሪው ምንም አያይም። ሁለተኛ፣ ትሉ ጥቂት ከሆነ እንቁላሉ በብዙ ፋንድያ ውስጥ ይሰወራል። «የለበትም» ተብሎ የተመለሰው በሬ እንግዲህ ብዙ ጊዜ ያለበት ነው።

ሊቃውንት ከዚህ ችግር ለመውጣት የተያያዙት መንገድ የትሉን አንቲጅን ለይቶ የማወቅ መንገድ ነው። ቃሉ ለጆሮ ይከብድ እንደ ሆነ እንጂ ነገሩ አይከብድም። የሰውም ሆነ የከብት ሰውነት እንደ ኬላ ጠባቂ ነው። እንግዳ ነገር ሲገባ የእንግዳውን መልክ ያያል፤ ያንንም መልክ የሚይዝ ዘብ ያዘጋጃል። ጠባቂው እንግዳውን የሚለይበት ያ ምልክት አንቲጅን ይባላል፤ የሚዘጋጀው ዘብ ደግሞ አንቲቦዲ ይባላል። ትሉ በቆዳው ላይ የሚገኘው፣ ሲበላም የሚተፋው፣ ከሆዱም የሚያወጣው ብዙ ዓይነት ፕሮቲን አለ። ከዚያ ሁሉ መካከል የከብቱ ሰውነት አጥብቆ የሚያውቀው የትኛው ነው? የጉበት ትል ብቻ ያለው፣ ሌላ ትል የሌለውስ የትኛው ነው? የአንቲጅን ፍለጋ ማለት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመለስ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከቄራ ነው። ተመራማሪው ወደ ቄራ ሄዶ ከተጣለው ጉበት ውስጥ ሕያው የሆነውን ትል ይለቅማል፤ አጥቦም በከብቱ ሰውነት ሙቀት መጠን በተዘጋጀ ፈሳሽ ውስጥ ያኖረዋል። ትሉ እዚያም ሆኖ እንደ ልማዱ ይተፋል፤ የተፋውም ይጠራቀማል። ከዚያ ይህ ፈሳሽ ጄል በሚባል እንደ አጃ ገንፎ በሚያዳልጥ ነገር ላይ ተደርጎ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ፕሮቲኖቹ እንደ ክብደታቸው ይለያያሉ፤ ቀላሉ ርቆ ይሄዳል፤ ከባዱ ኋላ ይቀራል። የጭነት ባቡር የተቀጠሉ ፉርጎዎች ተፈትተው በየሐዲዳቸው እንደሚቆሙ ያለ ነው። እነዚህ መስመሮች ወደ ስስ ወረቀት ይገለበጡና ትል ካለበት ከብት የተወሰደ የደም ውሃ ይፈስስባቸዋል። በደሙ ውስጥ ያለው ዘብ የሚያውቀውን መስመር ብቻ ይይዛል፤ የተያዘውም መስመር በቀለም ይለያል። ያ መስመር አንቲጅን ነው። ቀጥሎም ጤነኛ ከብት፣ ሌላ ትል ያለበትም ከብት የደም ውሃ እየፈሰሰ ይፈተናል። ለሁሉም የሚቀላ መስመር ለምስክርነት አይበቃም፤ ይጣላል። ለጉበት ትል ብቻ የሚቀላው ይጠበቃል።

ይህ የኋለኛው ፈተና በአገራችን በተለይ የሚያስፈልግ ነው። በእኛ ከብት ሆድ ውስጥ የጉበት ትል ብቻውን አይገኝም። በጨጓራ የሚኖረው የጉበት ትል ዘመድ አለ፤ በደም ሥር የሚኖረው የቢልሃርዚያ ዓይነት አለ። ሁሉም በሩቅ ስለሚዛመዱ መልካቸው ይመሳሰላል። ዘቡ አንዱን ይዞ ሌላውን ያዝሁ ሊል ይችላል። አንድ ዓይነት ትል ብቻ በሚበዛበት በአውሮፓ መስክ ተፈትኖ «ታማኝ ነው» የተባለ መመርመሪያ በሐረርጌ ደጋ ላይ እንዲሁ ታማኝ መሆኑ በእኛው ከብት ተረጋግጦ መታየት አለበት የምንለው ስለዚህ ነው።

እስካሁን ከተለዩት አንቲጅኖች ሁሉ ስሙ የገነነው ካቴፕሲን ኤል የሚባለው ነው። ይህ ትሉ ምግቡን የሚፈጭበት ኢንዛይም ሲሆን፣ ከሚተፋው ፕሮቲን ውስጥ አብዛኛውን ክፍል የያዘ ነው። ትሉ የጉበቱን ሥጋ የሚበሳው በዚሁ ነው፤ ደሙንም የሚፈጨው በዚሁ ነው፤ እንዲያውም የከብቱ ሰውነት የላከበትን ዘብ የሚቈርጠው በዚሁ ነው። የትሉ ጦር የትሉ መታወቂያም ሆነ ማለት ነው።

አንቲጅኑ ከተለየ በኋላ ጥቅም ላይ የሚውለው እ.ኤ.አ. በ1971 በስዊድን አገር በተገለጠው ኤላይዛ በሚባለው የምርመራ ዘዴ ነው። አንቲጅኑ በትንንሽ ጕድጓዶች ሥር ይለጠፋል፤ የከብቱ የደም ውሃ ይጨመርበታል፤ ዘቡ ካለ ቀለም ይወጣል። በአንድ ሰሌዳ ላይ 96 ጕድጓዶች ስላሉ በአንድ ጊዜ የብዙ ከብት ጉዳይ ይታያል። በዚህ ዘዴ በሽታው ከገባ ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ፣ ከእንቁላሉ መታየት ብዙ ቀድሞ፣ ሊታወቅ ይችላል። በአውሮፓ አገሮች ከላም ወተት እየተወሰደ የመንጋው ሁሉ ሁኔታ የሚመረመርበትም መንገድ አለ።

ዳሩ ግን ደሙን መመርመር ያልፈታው አንድ ጥያቄ አለ። ዘቡ ጠላቱ ከሄደ በኋላም ወራት ይቈያል። ትላንት በመድኃኒት የዳነው በሬ ዛሬም «አለበት» ይባላል። ይህ በዘበኛ መዝገብ ላይ «ሌባ ገብቶ ነበር» የሚል ጽሑፍ እንደ ማግኘት ነው፤ ሌባው አሁን በቤት ውስጥ መኖሩን ግን አይናገርም። ስለዚህ ሊቃውንት አገላብጠው አሰቡ፤ በከብቱ ደም ውስጥ ዘቡን ከመፈለግ በፋንድያው ውስጥ የትሉን አንቲጅን ራሱን ለምን አንፈልግም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የስፔን ተመራማሪዎች ኤም ኤም 3 ብለው በሰየሙት ዘብ አማካይነት ይህን የሚያደርግ ምርመራ አቀረቡ። በፋንድያው ውስጥ አንቲጅኑ ከተገኘ ትሉ ሕያው ሆኖ በጉበቱ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ መድኃኒት ተሰጥቶ ከጠፋ ደግሞ ትሉ ሞቷል ማለት ነው። መድኃኒት መሥራቱንና አለመሥራቱን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ አንድ ወጣት ባለሥልጣን እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ «መድኃኒቱ በገበያ አለ፤ ዋጋውም ከምርመራው ይረክሳል፤ ታዲያ ለሁሉም አንድ አንድ ኪኒን አጕርሶ መሄድ አይሻልምን?» ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ደሀ ገበሬ ባለበት አገር ዋጋን መቍጠር ይገባል። ነገር ግን መልስ አለው። በየገበያው የሚሸጠው አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ነው፤ ጉበቱን የሚቦረቡረውን ታናሹን ትል ይተወዋል። ታናሹንም ታላቁንም የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል የሚባለው ነው። ይህን መድኃኒት የለመደና የማይሞትለት ትል እ.ኤ.አ. በ1995 በአውስትራሊያ ተገልጦ ከዚያ ወዲህ በሌሎችም አገሮች ታይቷል። መድኃኒት ያለ ምርመራ፣ ያለ ልክና ያለ ወቅት በተሰጠ ቍጥር ትሉ ይማራል። እኛ ሳንማር ትሉ ከተማረ ደግሞ የረከሰው ኪኒን ከሁሉ የተወደደ ይሆናል፤ ገንዘቡ ወጥቶበት በሬውን አያድንምና።

ክትባትስ? ይህ የብዙዎች ተስፋ ነው። አገራችን የክትባትን ጥቅም ለማወቅ የሌላ ምስክር አያስፈልጋትም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በክፉ ቀን ከብቱን የፈጀው የደስታ በሽታ፣ በክትባትና በትዕግሥት ተሸንፎ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ነፃ መሆኗ ተረጋግጧል፤ በ2011 ደግሞ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታውጇል። የጉበት ትል ግን ከዚያ የተለየ ጠላት ነው። የቆዳውን መሸፈኛ ዘወትር እየገፈፈ ይጥላል፤ በኬላ ሲደርስ ልብሱን እንደሚለውጥ ሰው ዘቡ የያዘውን ልብስ ትቶ እርሱ ያልፋል። በካቴፕሲን ኤልና በሌሎችም አንቲጅኖች የተሞከሩ ክትባቶች በአንዳንዱ ሙከራ የትሉን ቍጥር በጣም ሲቀንሱ በሌላው ብዙም አልሠሩም። እስከ ዛሬ ድረስ በገበያ የሚሸጥ የጉበት ትል ክትባት የለም። ተስፋ የሚሰጥ ነገር ግን አለ። በኢንዶኔዥያ አገር ጅራተ ቀጭን የሆነ አንድ የበግ ዘር ፋሲዮላ ጂጋንቲካን በራሱ ሰውነት ኃይል እንደሚቋቋም ታውቋል፤ ያው በግ ፋሲዮላ ሄፓቲካን ግን አይቋቋምም። እንግዲህ የበጉ ዘርም፣ የትሉም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ከደጋ እስከ ቆላ ስንት ዓይነት በግና ከብት ያላት ኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ በራሷ መንጋ ላይ ለመጠየቅ ከማንም የተሻለ ዕድል አላት።

«ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ሥራ ነው» የሚል ድምፅ ደግሞ ይሰማናል። ይህን ለሚለው ሰው የዶክተር አክሊሉ ለማን ስም እናስታውሰዋለን። እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች እንዶድ እየወቀጡ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፣ ከዚያ ተነሥቶ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር በአገር ቤት ተክል ውስጥ አገኘ። ወንዙ የኛው ነበር፤ እንዶዱ የኛው ነበር፤ የተጨመረው የሚያይ ዓይንና የሚጠይቅ ልቦና ብቻ ነው። የጉበት ትልም የሚራባው በቀንድ አውጣ ነው። በአድዋ ወንዝ ዳር የታየው በሐሮማያ ረግረግ ዳር የማይታይበት ምክንያት የለም። ደርቆ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ እንደገና ውሃ በያዘበት በዚህ ዘመን፣ ውሃ ሲመለስ ቀንድ አውጣም አብሮ ሊመለስ እንደሚችል ማሰብና መመልከት የተማረ ሰው ተግባር ነው።

ደግሞስ ምን ጐደለን? በቢሾፍቱ ክትባት የሚያመርት የእንስሳት ጤና ተቋም አለ፤ የእንስሳት ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ኮሌጅም አለ። በሰበታ የእንስሳት በሽታ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ አለ። ከከዚራ ተነሥቶ ዳገቱን ለወጣ ሰው ከ40 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲን ያገኛል። ከታች ቄራው፣ ከላይ ላቦራቶሪው ሆኖ በመካከላቸው ያለው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ከቄራው የሚጣለው ጉበት በላቦራቶሪው የሚፈለገው ነው። የጐደለው ሁለቱን የሚያገናኝ ልማድ ነው።

ስለዚህ አሳባችንን በግልጽ እናቅርብ። በመጀመሪያ፣ በየቄራው የሚጣል ጉበት ሁሉ ከመጣሉ በፊት ይመዝገብ። ከብቱ ከየትኛው ወረዳ እንደ መጣ፣ በሬ ወይም በግ መሆኑ፣ ትሉ አጭሩ ወይም ረጅሙ መሆኑ በአንድ መስመር ይጻፍ። መዝገቡም በመሳቢያ ተቈልፎ አቧራ እንዳይጠጣ፣ በየወሩ ከብቱ ለመጣበት ወረዳ ይላክ። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም የትኛው ረግረግ እንደሚያጠቃው የሚያውቀው በዚህ ነው። ይህ አዲስ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ እርሳስና ሕሊና ይበቃዋል።

በሁለተኛ፣ ትሉና የደሙ ናሙና ከቄራ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄድበት መንገድ ይሠራለት። አንድ ከብት ሲታረድ ደሙ ከተወሰደና ጉበቱም ከተሰነጠቀ፣ የምርመራው ውጤት እውነት ወይም ሐሰት መሆኑ በዚያው ሰዓት ይፈተናል። በውጭ አገር የተሠራ መመርመሪያ በእኛ ከብት ላይ ታማኝ መሆኑ የሚረጋገጠው፣ ከዚያም አልፎ በእኛው ትል አንቲጅን የሚሠራ መመርመሪያ ሊገኝ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

በሦስተኛ፣ ገበሬው እስከዚያ ድረስ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። ከብቱ ዝናብ ካበቃ በኋላ ከረግረግ ዳር እንዲርቅ፣ የመጠጫው ውሃ በገንዳ እንዲሆን፣ ከረግረግ የታጨደ ሣር በእርጥቡ እንዳይቀርብ ቢመከር ይሰማል። ምክሩ ግን ከሰገነት ላይ የሚወረወር ትእዛዝ መሆን የለበትም። በበጋ ወራት ለምለሙ ሣር ያለው በረግረጉ ብቻ ከሆነ ገበሬው «አትሂድ» ለሚለው ሰው «ወዴት ልሂድ?» ይላል፤ ይህም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልስ የሌለው ምክር ምክር አይባልም።

በአራተኛ፣ ነገሩ ሰውንም የሚነካ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ70 በሚበልጡ አገሮች ቢያንስ 2.4 ሚሊዮን ሰው በጉበት ትል ተይዟል። ብዙ ሰው በሽታው የሚመጣው ትል ያለበትን ጉበት በመብላት ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ሰውም እንደ ከብት የሚያዘው ከረግረግ የመጣ ያልታጠበ ቅጠል ሲበላና ያልተጣራ ውሃ ሲጠጣ ነው። ትል ያለበትን ጉበት የበላ ሰው ብዙውን ጊዜ እንቁላሉን ብቻ በሆዱ አሳልፎ ያወጣዋል፤ መርማሪውም «በሽተኛ ነህ» ብሎ ሊሳሳት ይችላል። እንዲህ ያለውን ስሕተት ለመለየት የአንቲጅንና የአንቲቦዲ ምርመራ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1995 ዘ ላንሴት የሚባለው የሎንዶን የሕክምና መጽሔት ከውጭ በገባ ጫት ሰበብ የመጣ የጉበት ትል በሽታ አውጥቶ ነበር። ጫት በሚበዛበት በድሬዳዋ ይህን ወሬ ሰምቶ ቅጠሉን በንጹሕ ውሃ ሳያጥብ ወደ አፉ የሚያደርስ ሰው ካለ በገዛ እጁ ነው።

ለተማሪዎች የምንለው አጭር ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አገር አትሂዱ። «የዚህ ቄራ ጉበት ስንት በመቶው ትል አለበት» ብሎ ቈጥሮ መመለስ መልካም ጅማሬ ነው፤ ነገር ግን መቍጠር የዕውቀት መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። በየዓመቱ አንዱ የቈጠረውን ሌላው እንደገና ከሚቈጥር፣ አንዱ ቢቈጥር፣ ሁለተኛው ትሉን ቢያኖር፣ ሦስተኛው አንቲጅኑን ቢለይ፣ አራተኛው በሐረርጌ በሬ ደም ቢፈትነው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ይፈጸማል። ለወጣት ሹማምንትም የምንለው ከዚሁ አይርቅም። በጠረጴዛችሁ ላይ ከቄራ የመጣ ዝርዝር ሲቀመጥ «የትል ጉዳይ ነው» ብላችሁ ከወረቀቱ ሥር አትክተቱት። ያ ወረቀት የአንድ ገበሬ ጥማድ በሬ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ነው።

ነገ ማለዳ፣ የከዚራ ሰው ገና ሳይነሣ፣ በቄራው ቢላዋ ይሳላል፤ ከብት ይታረዳል፤ ጉበትም ይሰነጠቃል። ከሚሰነጠቁት አንዳንዶቹ ይጣላሉ። ከጉበቱ ጋር ዕውቀቱም አብሮ ይጣል ወይስ ይነሣ የሚለውን የሚወስነው ግን ትሉ አይደለም፤ እኛ ነን።